ከልባጡ ጀርባ ያለው ግድግዳ፦ በጅማ የቤት የውጭ ፊኒሺንግ ሥራ ለማን ይሰጥ?

በጅማ መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች ፊታቸውን እየቀየሩ ነው። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅማን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ከገባ ወዲህ፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ስለ ኳርትዝ (ሸካራ የግድግዳ ቅብ)፣ ስለ አልኮቦንድ (መካከሉ ፕላስቲክ ያለበት የአሉሚኒየም ቆርቆሮ)፣ ስለ ድንጋይ ልባጥ ያወራል። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የሚኖረውም የጎረቤቱን አይቶ ጭቃ ቤቱን በሲሚንቶ ሊያስለስን፣ ብሎኬቱን ሴራሚክ ሊያስለብስ ይነሳል። ሥራው ሲበዛ ሠሪውም በዝቷል። ትናንት የግቢ በር ይበይድ የነበረው ዛሬ «የክላዲንግ (የልባጥ) ሥራ እንሠራለን» የሚል ታፔላ ሰቅሏል። ሙያ መቀየር ነውር የለውም። ችግሩ ያለው ባለቤቱ ባለሙያ ከሚመርጥበት መንገድ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን የምንመርጠው ሦስት ነገር አይተን ነው፤ ስልክ ላይ ያለውን ፎቶ፣ የካሬውን ዋጋ፣ «መቼ ትጨርሳለህ?» ለሚለው የሚሰጠንን መልስ። ፎቶው ሥራው ባለቀ ማግስት የተነሳ ነው። የካሬው ዋጋ በውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም። ቀኑም ቢሆን በቸኮለ ሰው አፍ ሁልጊዜ አጭር ነው። ሦስቱም ስለ ግድግዳው ፊት ይነግሩን ይሆናል፤ ገንዘባችንን የሚያስበላን ግን ከፊቱ ጀርባ ያለው ነው። ሽቦው የት ላይ ተመታ? ብረቱ ጸረ ዝገት ተቀባ ወይ? ልስኑ ስንት ቀን ውሃ ጠጣ? ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ በየት በኩል ይወጣል? የባለሙያ ብቃት የሚለየው ተሸፍኖ በሚቀረው ሥራ ስለሆነ፣ ባለሙያን በዚያ መምረጥ፣ ክፍያንም በዚያ ላይ መክፈል ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የጅማ ውሃ

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ዝናቡ ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ የሚያበቃ አይደለም። መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት እየጠነከረና እየላላ ይቀጥላል። ደረቅ የሚባለው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፤ እሱም ቢሆን ጠብ ሳይል አያልፍም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የራሰ ግድግዳ በደንብ ሳይደርቅ ሌላ ዝናብ ይደርስበታል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላይ አሥር ዓመት የሚቆይ ሥራ እዚህ በሁለተኛው ክረምት ሊላጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ ጥሩ ባለሙያ እንኳ ይህን ካልተረዳ ይሳሳታል።

የድሮዎቹ ተረድተውት ነበር። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ጣሪያው ከግድግዳው ምን ያህል ርቆ እንደወጣ፣ በረንዳው እንዴት እንደከበበው ያስተውላል። እንጨትና ጭቃ ለዚያን ያህል ዘመን በዚህ ዝናብ ውስጥ የቆመው አንድም ጥገና ስላልተለየው ነው፣ ሌላም ውሃው ግድግዳውን እንዳያገኝ ተደርጎ ስለተሠራ። ዛሬ የሚወደደው አሠራር ተቃራኒው ነው። ክፈፉ ይቆረጣል፣ ጣሪያው በፓራፔት (ከጣሪያው በላይ በሚወጣ አጭር ግድግዳ) ይሸፈናል፣ አሸንዳው ከግድግዳው ጀርባ ይደበቃል። ያ የተደበቀ አሸንዳ በቅጠል የተዘጋ ቀን ውሃው ወደ ውጭ አይፈስም፤ በልባጡና በግድግዳው መካከል ይወርዳል። ከውጭ ምንም አይታይም። ባለቤቱ የሚያውቀው መኝታ ቤቱ ውስጥ ጥግ ላይ ጥቁር እድፍ ሲያይ ነው።

እና ባለሙያው ግቢያችሁ ሲመጣ መጀመሪያ ወዴት እንደሚያይ ልብ በሉ። ሜትሩን አውጥቶ ርዝመት መለካት የሚጀምር አለ። ቀና ብሎ ክፈፉንና አሸንዳውን አይቶ፣ ጎንበስ ብሎ መሠረቱ ላይ ጭቃ የተረጨበትን ከፍታ አይቶ፣ «ክረምት ላይ ውሃው በዚህ ጥግ ይተኛል?» ብሎ የሚጠይቅም አለ። ሁለተኛው ዋጋው ከፍ ቢል እንኳ እሱን ያዙ።

ጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ

ጅማ ውስጥ አሁንም ብዙው ቤት እንጨትና ጭቃ ነው፤ ገንዘብ የሚባክነውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ስለሆነ ጉዳዩን ዘርዘር ላድርገው።

ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይለቃል። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የሲሚንቶ ልስን ግን አንዴ ከደረቀ አይንቀሳቀስም። ሁለቱን በቀጥታ ስታጣብቋቸው አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይቆማል፣ መካከላቸው ይላቀቃል፣ ፊቱ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ይወጣል። ውሃ በስንጥቁ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን ሲሚንቶው ፊቱን ስለዘጋው በቀላሉ አይወጣም። ማገሩ ይበሰብሳል፣ የባህር ዛፉ ምሰሶ ከታች ይረጥባል፣ ምስጥ ይከተላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልስኑ እንደ ሳንቃ ተገንጥሎ ይወድቃል፤ ያኔ የሚታየው ምሰሶ ልስን ከመደረጉ በፊት ከነበረው የባሰ ሆኖ ነው።

ይህ ማለት ጭቃ ቤት ሲሚንቶ አይለሰንም ማለት አይደለም፤ አካሄድ አለው። ጭቃው ምርጊቱ አልቆ፣ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ስንጥቁ ወጥቶ ማለቅ አለበት፤ ይህ በደረቁ ወቅት እንኳ ከሁለት ወር በላይ ሊፈልግ ይችላል። ስንጥቁ በጭቃ ይደፈናል። ከዚያ ወንፊት ሽቦ ይዘረጋል፤ ሽቦው መመታት ያለበት ከምሰሶውና ከማገሩ ጋር ነው። ጭቃው ላይ የተሰካ ሚስማር ምንም አይዝም። በላዩ ቀጠን ያለ ሲሚንቶና አሸዋ ይረጭበትና እስኪይዝ ይጠበቃል፤ ዋናው ልስን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሥር ደግሞ ልስኑ መሬት ድረስ አይወርድም። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ድንጋዩ ላይ ይቆማል፤ ከአፈሩ እርጥበት እንዳይስብ፣ ምስጥም መንገዱን ሲሠራ እንዲታይ። የኖራ ልስን የሚያውቅ ባለሙያ ካገኛችሁ ደግሞ እሱንም አማክሩት፤ ኖራ ከሲሚንቶ ለስለስ ያለና እርጥበት የሚያሳልፍ በመሆኑ ከጭቃ ጋር የተሻለ ይስማማል።

በጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር በኩል አንድ ሽማግሌ የወደቀ ልስን ሲያስጠግኑ አብሬ ቆሜ አይቻለሁ። ወጣቱ ግንበኛ ቀሪውን በመዶሻ ጫፍ ቀስ እያለ ፈነቀለና ሽቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳበው። ሽቦው ከነሚስማሩ ተከተለው። ሚስማሩ ላይ የእንጨት ስብርባሪ የለም፤ ደረቅ ጭቃ ብቻ ነው ያለው።

«ሀጂ፣ ይሄ ከምሰሶው ጋር አልተመታም» አላቸው። «ጭቃው ላይ ነው የሰኩት።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም፣ ልጄ?»

«ምሰሶውን ፈልጎ መምታት ተጨማሪ ቀን ይወስዳላ፣ ሀጂ። ከተለሰነ በኋላ ደግሞ ማን ያየዋል?»

የጉዳዩ ቁልፍ ያ ልጅ የተናገረው ነው። ሽቦው ተመትቶ ልስን ሳይነካው በፊት ባለቤቱ ለአሥር ደቂቃ ግድግዳውን ዞሮ እየሳበ ቢያየው ኖሮ ያ ሁሉ ሲሚንቶ አይባክንም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ጄሶ የውስጥ ነው። ውጭ ላይ ለማለስለሻ ብለው የሚቀቡት አሉ፤ ቶሎ ያምራል፣ ርካሽም ነው። ውሃ ሲነካው ግን ይለሰልሳል፣ ቀለሙንም ይዞ ይወርዳል። በጅማ ዝናብ የውጭ ግድግዳ ላይ ጄሶ ሊቀባ የሚያስብ ሰው ካጋጠማችሁ ስለ ሌላው ሥራው ብዙ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።

ስንጥቁ ከመሠረት ከሆነ

በከተማዋ ዝቅተኛና ረግረጋማ ዳርቻዎች፣ በቦዬ በኩል እንደሚታየው፣ ጥቁር ኮትቻ አፈር አለ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ ከዓመት ዓመት የሚሰፋ ስንጥቅ ካለ ጉዳዩ የልስን አይደለም። በላዩ የሚለበስ ማንኛውም ነገር ስንጥቁን ለአንድ ዓመት ይደብቀዋል እንጂ አያቆመውም። እንዲህ ያለ ግድግዳ አይቶ «መጀመሪያ መሠረቱንና የውሃ መውረጃውን አስተካክሉ፣ ከዚያ ጥሩኝ» ብሎ የሚሄድ ባለሙያ ሥራ አምልጦታል ማለት ነው፤ እናንተ ግን ለሚቀጥለው ሥራችሁ የምትጠሩትን ሰው አገኛችሁ።

አልኮቦንድ

ለሱቅና ለፎቅ ቤት የተለመደው አሁን አልኮቦንድ ነው። የቆርቆሮው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 1.22 በ2.44 ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሁሉም «4 ሚሊ» ይባላል፤ ልዩነቱ ግን ፊትና ኋላ ያለው የአሉሚኒየም ቆዳ ላይ ነው። ጥሩው 0.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ርካሹ ከ0.3 በታች ይወርዳል። ስስ ቆዳ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይነፋል፣ በጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል። ባለሙያው «የቱን ነው የምትጠቀመው?» ሲባል ቀለሙን ብቻ ከነገራችሁ መልሱ አልተመለሰም። ቁራጭ ያምጣ፣ ጠርዙን ተመልከቱ፣ ያንኑ ዓይነትና ውፍረት በውሉ ላይ አስፍሩ።

መካከል ላይ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ሌላ ጉዳይ ነው። ለንደን ውስጥ በግሬንፌል ታወር እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 በተነሳው እሳት 72 ሰዎች ሞተዋል። እሳቱ በሕንፃው ፊት ላይ እንዲያ የተዛመተበት ዋና ምክንያት በአሉሚኒየሙ ቆርቆሮ ውስጥ የነበረው ፖሊኤትሊን የተባለ ተቀጣጣይ ፕላስቲክ መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል። የኛ ባለአንድ ፎቅ ቤት ያ ባለ24 ፎቅ ሕንፃ አይደለም። ነገር ግን ከታች ምግብ ቤት፣ ከላይ መኖሪያ የሆነ ቤት ከተማችን ውስጥ ሞልቷል፤ የማጀቱ ጭስ ማውጫም ብዙ ጊዜ በዚያው ልባጥ በኩል ነው የሚወጣው። እሳት የሚቋቋም ማዕድን ያለበት ዓይነት እንዳለ የሚያውቅ፣ ቢያንስ ከጭስ ማውጫና ከኤሌክትሪክ ቆጣሪ አካባቢ አልኮቦንዱን የሚያርቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ከቆርቆሮው በላይ ግን ሥራውን የሚወስነው ከጀርባ ያለው የአርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ፍሬም ነው። ብረቱ ተቆርጦ ከተበየደ በኋላ ብየዳው ተፍቆ ጸረ ዝገት መቀባት አለበት። ሳይቀባ ከተሸፈነ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል፤ በብሎኑ ሥር ወጥቶ ነጩ ፊት ላይ ቡናማ መስመር የሚያወርደው እሱ ነው። ፍሬሙ መታሰር ያለበት ከኮንክሪቱ ቋሚና አግዳሚ (ከኮለንና ከቢም) ጋር ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት መያዣ) በደንብ አይይዝም፤ ጭቃ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ክብደቱን ለእሱ ማሸከም አደጋ ነው፣ ፍሬሙ ከታች የራሱ መቆሚያ ያስፈልገዋል። በላይኛው ጠርዝ ውሃ እንዳይገባ መክደኛ፣ በታችኛው ጠርዝ የገባው እንዲወጣ ክፍተት ይኑር። ከላይም ከታችም በሲሊከን ጥርቅም አድርጎ የዘጋ ሰው ውሃውን ውስጥ አስሮታል። የድንጋይና የሴራሚክ ልባጥም ቢሆን ከፍ ያለ ቦታ ላይ በሲሚንቶ ብቻ የተጣበቀ ከሆነ አላፊ አግዳሚ ላይ ይወድቃል። ከሰው ቁመት በላይ ለሚወጣው ከባድ ድንጋይ በብረት የሚያያዝ ዘዴ መኖሩን ጠይቁ።

የሠራውን ሥራ ማየት

ፎቶ አይታይ አልልም፤ ግን አድራሻ ጠይቁ። የምትፈልጉት የዘንድሮውን አይደለም፤ ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈበትን ቤት ነው። «ሦስት ዓመት የሞላው ሥራህን አሳየኝ» ሲባል የሚያቅማማ ሰው ወይ ሥራው አዲስ ነው ወይ ወደዚያ ቤት መመለስ አይፈልግም።

ቤቱን ስታገኙ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቃችሁ ግድግዳውን በሳንቲም ወይም በቁልፍ ነካ ነካ እያደረጋችሁ ዙሩ። የያዘ ልስን ድፍን ድምፅ አለው፤ የለቀቀው ባዶ ይጮኻል። መዳፋችሁን አሹበት፤ አሸዋው በእጃችሁ ላይ ከቀረ ሲሚንቶው አንሷል ወይም ውሃ ሳይጠጣ ደርቋል። መስኮቱ ሥር እዩ። የመስኮቱ ደፍ ወደ ውጭ ካላዘነበለና ከሥሩ ውሃው የሚንጠባጠብበት ጭረት ከሌለው፣ ውሃው ተመልሶ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል፤ ከሁለቱም ጥግ ጥቁር ሰንበር ታያላችሁ። ይህን ትንሽ ጭረት የሚሠራ ሰው ሌላውንም አይረሳም። ከዚያ ባለቤቱን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ችግር ሲፈጠር ተጠርቶ መጣ ወይ? ችግር ያልገጠመው ሥራ የለም። ተጠርቶ የሚመጣ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሌላው በእኛ ዘንድ የማይጠየቀው ጥያቄ፣ ግድግዳው ላይ የሚወጣው እጅ የማን ነው የሚለው ነው። የተዋዋላችሁት ሰው ሥራውን ለሰብ (ለንዑስ ተቋራጭ) ይሰጣል፣ ሰቡ ለእጅ ዋጋ ሠራተኛ ይሰጣል፤ በየመሃሉ ትርፍ ይነሳለታል፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳውን የሚነካው ሰው በካሬ ስለሚከፈለው መቸኮል ግድ ይለዋል። ፎርማኑ ማን እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ይኑር አይኑር በስምምነቱ ውስጥ ይግባ። መወጣጫውንም ተመልከቱ። የበሰበሰ ባህር ዛፍ በገመድ አስሮ ልጆች የሚያወጣበት ሰው ለሠራተኛው ካልተጠነቀቀ ለግድግዳችሁ አይጠነቀቅም፤ ሰው ቢወድቅ ደግሞ የግቢው ባለቤት መጠየቁ አይቀርም።

የካሬ ዋጋ ምን ይዟል?

ሁለት ሰው ዋጋ ሰጥቷችሁ አንዱ በጣም ዝቅ ካለ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በወረቀት ላይ ማውጣት ይቻላል። 10 በ8 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። ዙሪያው 36 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን 108 ካሬ ይሆናል። በርና መስኮቱን 16 ካሬ ብንቀንስ 92 ካሬ ግድግዳ ቀረ። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ልስን 1.84 ሜትር ኩብ ቡኬት (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) ይፈልጋል። አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ ከተመታ ወደ 18 ከረጢት ሲሚንቶ ይሄዳል፣ ባለ50 ኪሎው። አንድ ለስድስት ከተመታ 10 ይበቃዋል። ሁለቱ ግድግዳዎች ርክክብ ቀን አንድ ይመስላሉ። የስምንቱ ከረጢት ልዩነት ነው እንግዲህ አንዱን «ርካሽ» ያደረገው፤ አተርፍ ባይ አጉዳይ የሚባለው እዚህ ላይ ይመጣል።

ስለዚህ ዋጋው በካሬ ብቻ አይምጣ። የዕቃውና የእጅ ዋጋው ተለይቶ፣ የቡኬቱ ምጥጥን፣ የልስኑ ውፍረት፣ የሽቦው ዓይነት፣ የቀለሙ ስምና ስንት ዙር እንደሚቀባ ተጽፎ ይምጣ። መወጣጫው፣ አሮጌውን ማፍረሱና ቆሻሻውን ማውጣቱ በማን ሒሳብ እንደሆነም ይገለጽ፤ ጠብ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አልኮቦንድ፣ ሲሊከንና ሌላውም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አንድ ቦታ አይቆምም። በዚህ ምክንያት ተቋራጮች ከፍ ያለ ቀብድ ይጠይቃሉ፤ «ዕቃው ሳይጨምር ልግዛ» የሚሉት ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም። መፍትሔው ገንዘቡን ለእሱ ከመስጠት ይልቅ አብሮ ሱቅ ሄዶ ለሱቁ መክፈል፣ ደረሰኙን በራሳችሁ ስም መቁረጥ፣ ዕቃውን እናንተ ግቢ ማስቀመጥ ነው። ሲሚንቶው ግን ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከዝናብና ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ፤ የጅማ እርጥበት የተከማቸ ሲሚንቶን ቶሎ ያጓጉለዋል።

ወረቀቱና ሕጉ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ ሆኖም ለቤት ሥራ ውል መጻፍ እንደ አለመተማመን የሚቆጠርበት አካባቢ ብዙ ነው። ጠቡ ሲመጣ ግን ሽማግሌ ይጠራል፣ ሽማግሌውም «ምን ተባባላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለት የተለያየ ታሪክ ይሰማል። አንድ ገጽ ወረቀት ለሽማግሌውም ሥራ ያቀልለታል። ሁለቱም ወገን በሚያነቡት ቋንቋ ይጻፍ። የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ጅማ ውስጥ ፍርድ ቤት ቢደርስ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ውል ከትርጉም ጣጣ ያድናል።

ክፍያው በቀን ወይም በሳምንት መከፋፈል የለበትም፤ በሚሸፈነው ሥራ ላይ ይከፋፈል። ሽቦው ተመትቶ ልስን ከመነካቱ በፊት አንድ ክፍያ፤ ልስኑ አልቆ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ከጠጣ በኋላ ሌላ፤ ቀለሙ አልቆ ሌላ። ቀለሙም ልስኑ አራት ሳምንት ያህል ሳይቆይ አይቀባ። አልኮቦንድ ከሆነ ፍሬሙ ታስሮ፣ ብየዳው ጸረ ዝገት ተቀብቶ፣ ቆርቆሮው ሳይሰቀል አንድ ክፍያ ይሁን። በእያንዳንዱ ደረጃ ፎቶ አንሱ፤ በኋላ ለሚጠግነውም ሰው ምሰሶው የት እንዳለ ያሳየዋል። በትልልቅ ግንባታዎች ከክፍያ ላይ 5 በመቶ ያህል ለመያዣ ማስቀረት የታወቀ ነው፤ ሪቴንሽን ይሉታል። ለመኖሪያ ቤት የማይሆንበት ምክንያት የለም፤ እኔ በጅማ ሁኔታ እስከ 10 በመቶ ቢሆን፣ የሚለቀቀውም አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ቢሆን እላለሁ። ባለሙያውም ሰው ነው፣ ገንዘቡ ታስሮ መቆየቱ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ በእጅ ዋጋው ላይ አትከራከሩት፣ ቀሪውንም በቀኑ ክፈሉት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 የሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ደህንነትና ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ቀለም መላጥ ወይም ቆርቆሮ መነፋት በዚህ ድንጋጌ ይሸፈናል አይሸፈንም የሚለው ግን ሊያከራክር ስለሚችል፣ ለልባጡ የተለየ የዋስትና ጊዜ በውሉ ላይ ማስፈር ይሻላል። ሕጉ የሚሠራው ደግሞ የሚከሰሰው ሰው ሲታወቅ ነው። ፈራሚው የመታወቂያ ስሙና ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን፣ ፈቃዱ ለዘንድሮ መታደሱን፣ የቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥሩን እዩ። ተቋራጭ ከሆነ የደረጃ ምስክር ወረቀቱን፣ በግል ወይም በማኅበር የሚሠራ ባለሙያ ከሆነ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ወረቀቱን ጠይቁ። የደረጃ ወረቀት አቅም ያሳያል እንጂ ግድግዳ ማልበስ መቻሉን አያሳይም፤ ሲኦሲ ደግሞ የያዘውን ሰው ችሎታ እንጂ የሚልከውን ሠራተኛ አይመዝንም። ሁለቱም ሁለት ክረምት ያለፈበትን ግድግዳ ሄዶ ማየትን አይተኩም። ሥራው የሕንፃውን መልክ የሚቀይር ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በተለይ መንገድ ዳር ቀለሙና ዕቃው ሊወሰን ስለሚችል ገንዘብ ካወጡ በኋላ መስማት ያማል።

መቼ ይጀመር

ብዙ ሰው ቤቱን የሚነካው የቡና ገንዘብ ሲገባ ነው። ቡናው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል፣ ገንዘቡ እጅ የሚገባው ጥር ገደማ ነው፤ ያኔ ጎበዝ ጎበዙ ግንበኛ ተይዟል። ወረፋ ሲጠበቅ መጋቢት ይደርሳል፣ ዝናቡም ይመጣል፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ እየተቻኮለ የሚሠራው ሥራ የሚበላሸው በዚህ ጊዜ ነው። ገንዘቡ ባይኖርም ነሐሴና መስከረም ባለሙያ የመፈለጊያ ጊዜ ናቸው። በዝናቡ መሃል የሰዎችን ግድግዳ ዞራችሁ ብታዩ ማን በትክክል እንደሠራ ግድግዳው ራሱ ያሳያችኋል። ጥቅምት ላይ ውል ተፈራርማችሁ ትንሽ ቀብድ አስይዙ፣ ኅዳር ላይ ይጀመር። መያዣው የሚለቀቅበት ቀን የሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ይሁን፤ በዚያ ቀን ባለሙያውና ባለቤቱ አብረው ግድግዳውን በሳንቲም እየነኩ ይዙሩ፣ ባዶ የጮኸው ቦታ በኖራ ይከበብ፣ ከተጠገነ በኋላ ቀሪው ገንዘብ ይከፈል።